«ምንም አላደገም» የሚለው ወረቀት፦ በሆስፒታል አልጋና ዕቃ ላይ ያለ ባክቴሪያ እንዴት ይለካል?

የአልጋን የጎን ብረት የማይነካ የለም። ታካሚው ሲነሳ ይደገፍበታል፤ ሲስተሯ ግሉኮስ ቀይራ ስትመለስ ገፋ ታደርገዋለች፤ አስታማሚ ፎጣ ታሰጣበታለች፤ ሐኪሙ ራውንድ ላይ ቆሞ ሲያስረዳ እጁን ያሳርፍበታል። ጠዋት ተወልውሏል፣ ክፍሉም በረኪና በረኪና ይሸታል። ከብረቱ ላይ በስዋብ (ጫፉ ጥጥ መሰል በሆነ ቀጭን ዘንግ) ናሙና ተነስቶ ላብራቶሪ ይገባል። ከሁለት ቀን በኋላ ወረቀቱ «ምንም አላደገም» ብሎ ይመለሳል፣ ነገሩም አለቀ ይባላል።

ይኸው ወረቀት ግን ቢያንስ ሦስት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። ብረቱ በእውነት ንጹህ ሊሆን ይችላል። ወይም ስዋቡ ከባክቴሪያው ጋር ያልደረቀውን በረኪናም ጠርጎ ወስዶ፣ ባክቴሪያው ቱቦው ውስጥ እያለ ሞቶ ሊሆን ይችላል። አለዚያም በሕይወት የደረሰው ባክቴሪያ በተጠቀምንበት ሚዲያ (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ምግብ) ላይ የማያድግ ዓይነት ነው። ወረቀቱን ብቻ አይቶ ሦስቱን መለየት አይቻልም። የሚለየው ናሙናው እንዴት እንደተወሰደ ሲታወቅ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውም በአብዛኛው ስለዚያ ነው።

ደረቅ ብረት ላይ ምን ይኖራል?

ባክቴሪያ ደረቅ ነገር ላይ ወዲያው ይሞታል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። አይሞትም። በተደጋጋሚ የሚጠቀሱት የጥናት ግምገማዎች እንደሚያሳዩት ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ደረቅ ቦታ ላይ ከ7 ቀን እስከ 7 ወር ይቆያል። አሲኔቶባክተር ከ3 ቀን እስከ 5 ወር፣ ኢንቴሮኮከስ ከ5 ቀን እስከ 4 ወር ይዘልቃል። ክሌብሴላ አንዳንዴ በሰዓታት ውስጥ ሲያልቅ አንዳንዴ ከ30 ወር በላይ ተገኝቷል። ልዩነቱ የሚመጣው ከእርጥበቱ፣ ከዕቃው ዓይነት እና ባክቴሪያው ከምን ጋር ተቀላቅሎ ከመውደቁ ነው። ደም ወይም መግል ውስጥ ተሸፍኖ የደረቀው ከሁሉም ይበረታል።

ብረቱ በራሱ ማንንም አያሳምምም፤ ባክቴሪያውን የሚያመላልሰው እጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እጅ መታጠብ ግድ ነው ካላቸው አምስት ጊዜያት የመጨረሻው «የታካሚውን ዙሪያ ከነኩ በኋላ» የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በተግባር ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እሱ ነው። ድርጅቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት አልጋ ይዘው ከሚታከሙ 100 ሰዎች ውስጥ ሀብታም በሚባሉት አገሮች 7ቱ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ደግሞ 15ቱ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ይይዛቸዋል።

ሳይጠየቅ የሚወሰድ ናሙና

«እንግዲያው በየወሩ ሁሉንም ቦታ እናስመርምር» ማለት ይቀናል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ለዓመታት ተሠርቶበት፣ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከልና የሆስፒታሎች ማኅበሩ ይቅር ማለት ጀመሩ። በጥቅሉ የሚቆጠረው የባክቴሪያ ብዛት ታካሚዎችን ከሚይዘው ኢንፌክሽን መጠን ጋር አብሮ ሲወጣና ሲወርድ አልታየም። ማዕከሉ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ናሙና መውሰድ ተገቢ የሚሆንባቸውን አራት ምክንያቶች አስቀምጧል፦ ወረርሽኝ ሲጣራ፣ ለምርምር፣ አደገኛ ነገር ተፈጥሯል ተብሎ ሲጠረጠር፣ እና የአሠራር ለውጥ መሥራቱን ለማረጋገጥ።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄው ይጻፍ። «የጨቅላ ሕጻናት ክፍል ውስጥ በሦስት ሳምንት አራት ሕጻናት ደም ውስጥ ክሌብሴላ ተገኝቷል፤ ምንጩ የት ነው?» ይህ ጥያቄ ነው። «መወልወያውን ቀይረናል፤ ለውጥ አመጣ?» ይህም ጥያቄ ነው። «ሆስፒታላችን ምን ያህል ቆሻሻ ነው?» የሚለው ግን የሃምሳ ስዋብ ዋጋ ከፍሎ የማይመለስ ነው።

ከላብራቶሪ በፊት ያሉት

ዓይን የመጀመሪያው መሣሪያ ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ በተለምዶ «ካሽ» የሚባለው የንጹህ ሆስፒታል ንቅናቄም በዋናነት በዓይን እየታየ በቅጽ የሚሞላ ነው። ዓይን ደም፣ አቧራ፣ የሸረሪት ድርና የፕላስተር ሙጫ ያያል። ባክቴሪያ አያይም። በዓይን ወድቆ ሳለ ስዋብ የሚወሰድበት ክፍል ግን ገንዘቡን አባከነ፤ መልሱ ቀድሞ ታይቷል።

ሁለተኛው የማይታይ ቀለም ነው። በፀሐይ ብርሃን የማይታይ፣ በአልትራቫዮሌት መብራት ግን የሚያበራ ጄል በአልጋ ብረት፣ በመብራት ማብሪያና በኮሞዲኖ እጀታ ላይ ጠብ ተደርጎ ይደርቃል። በማግሥቱ ከጽዳት በኋላ ክፍሉን አጨልሞ መብራቱን ማብራት ነው፤ ሱቆች የብር ኖት የሚፈትሹበት ትንሽ መብራት ይበቃል። ነጥቡ ካለ ቦታው አልተነካም፣ ከጠፋ ተወልውሏል። አሜሪካ ውስጥ በዚህ መንገድ በርካታ ሆስፒታሎች ሲታዩ፣ ታካሚ ወጥቶ ክፍሉ ተጸዳ ከተባለ በኋላ መጽዳት ከነበረባቸው ቦታዎች የተወለወለው ግማሹ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ለእኛ አገር ሆስፒታል አንድ ዘዴ ብቻ ምረጡ ብንባል ይህን እንመርጣለን፤ ርካሽ ነው፣ ውጤቱም በማግሥቱ ለራሷ ለጽዳት ሠራተኛዋ ይታያል። ነጥቡ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ግን ሠራተኛዋ ያንን ቦታ ብቻ ማሸት ትጀምራለች፤ በየዙሩ ማዛወር ነው።

ሦስተኛው ኤቲፒ የሚለካው የእጅ መሣሪያ ነው። ኤቲፒ ሕይወት ያለው ሴል ሁሉ ጉልበቱን የሚይዝበት ንጥረ ነገር ነው። ስዋቡ ሌሊት ከሚያበሩ ነፍሳት የተገኘ ኢንዛይም ውስጥ ሲገባ ብርሃን ይፈጠራል፣ መሣሪያው በሰከንዶች ውስጥ ብርሃኑን በቁጥር ይነግራል። ቁጥሩ ግን ባክቴሪያ ብቻ አይደለም፤ የወደቀ ሾርባ፣ ደምና የቆዳ ቅርፊትም ያበራሉ። በአንዱ ኩባንያ መሣሪያ 250 የሆነው የማለፊያ ነጥብ በሌላው 100 ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ የሁለት ሆስፒታል ቁጥር ጎን ለጎን አይቀመጥም። ያልደረቀ በረኪናም ብርሃኑን ያደበዝዘዋል፣ ያን ጊዜ ቆሻሻው ንጹህ ይመስላል። ያው የወረቀቱ ችግር በሌላ መልክ መጣ ማለት ነው።

ስዋቡ ብረቱን ሲነካ

ወደ ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ ወደ መቁጠር፣ እንሂድ። ለአንድ ነጥብ የሚያስፈልገው፦ በፋብሪካ የታሸገ ንጹህ ስዋብ፣ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ የያዘ ቱቦ፣ መሃሉ 10 በ10 ሴ.ሜ የተቆረጠ ንጹህ ፍሬም፣ ጓንት፣ የበረዶ ሳጥን፣ እና ቱቦው ላይ የማይለቅ ማርከር።

ፍሬሙ ለጠረጴዛና ለፍራሽ ነው። ክብ ብረት ላይ ግን አይሠራም፣ እዚያ ላይ የዙሪያው ልክ ያገለግላል። ውፍረቱ 3.2 ሴ.ሜ የሆነ ብረት ዙሪያው 10 ሴ.ሜ ያህል ነው፤ ስለዚህ 10 ሴ.ሜ ርዝመቱን ዙሪያውን ማሸት 100 ካሬ ሴ.ሜ ይሰጣል። የበር እጀታ፣ የሞኒተር ቁልፍና ስቴቶስኮፕ ላይ ስፋት ለመለካት አትድከሙ፤ ሙሉውን አሽታችሁ «በአንድ እጀታ» ብላችሁ ጻፉ።

ስዋቡ ደረቅ መሆን የለበትም። ቱቦው ውስጥ ነክሮ፣ ከቱቦው የውስጥ ግድግዳ ጋር ተጭኖ ትርፉን ማፍሰስ ነው፤ የሚንጠባጠብ ስዋብ ብረቱን ያጥበዋል እንጂ አያነሳም። ከዚያ 30 ዲግሪ ያህል አጋድሞ፣ በጣት እያሽከረከሩ፣ መጀመሪያ አግድም፣ ቀጥሎ ቁልቁል፣ በመጨረሻ ሰያፍ ማሸት ነው። ጫና ያስፈልጋል፤ እንደ መዋቢያ ብሩሽ ዳበስ ማድረግ ከላይ ያለውን ብቻ ይወስዳል። ጫፉ ቱቦው ውስጥ ይሰበራል፣ እጅ የነካው ዘንግ ይጣላል። የጥጥ ስዋብ የያዘውን አጥብቆ ይይዛል፤ አጫጭር የናይሎን ፀጉር የተተከለበት ዓይነት ይሻላል። ያለው ጥጥ ብቻ ከሆነ ቱቦው ላብራቶሪ ሲደርስ ለአንድ ደቂቃ በኃይል መነቅነቅ አለበት። እንዲያም ሆኖ ስዋብ ብረቱ ላይ ያለውን ሁሉ አያነሳም፣ የምታገኙት ቁጥር ሁልጊዜ ከእውነተኛው ያነሰ ነው።

ማርከሻ

ቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ተራ ሴላይን (ጨው ያለበት ውሃ) ከሆነ፣ በስዋቡ የመጣው በረኪና ሥራውን አላቆመም። ስለዚህ ፈሳሹ ማርከሻ ሊኖረው ይገባል። ለክሎሪን ማርከሻው ሶዲየም ታዮሰልፌት ነው። «ኳት» ለሚባሉት ሽታቸው ለስላሳ ዲስኢንፌክታንቶች (ጀርም ገዳዮች) ሌሲቲንና ፖሊሶርቤት 80 ናቸው። ሁሉንም የያዘው «ዴይ-ኤንግሊ» የሚባለው የላብራቶሪ «ሾርባ» (ባክቴሪያ የሚመገበው ፈሳሽ) ሲሆን ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ክሎሪን ቦታው ሲደርቅ ኃይሉ ያልቅና በአብዛኛው ጨው ይቀራል፤ ኳት ግን ከደረቀ በኋላም ዕቃው ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ሆስፒታሉ የሚጠቀመው ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ ማርከሻ አይመረጥም። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ተጽፎ የጽዳት ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ሌላ ነገር ሊኖር ስለሚችል፣ ጠርሙሱን ራሱን አይቶ ስሙን መገልበጥ ነው።

ማርከሻው መሥራቱ በሦስት ቱቦ ይፈተሻል። ሦስቱም ውስጥ አንድ ዓይነት ቁጥር ያለው፣ ለምሳሌ 100 ያህል፣ የታወቀ ኢ. ኮላይ ይገባል። አንደኛው ሴላይን ብቻ ነው። ሁለተኛው ማርከሻ ብቻ ነው። ሦስተኛው ማርከሻና ሆስፒታሉ የሚጠቀምበት ዲስኢንፌክታንት ነው፤ በዚህኛው ባክቴሪያው የሚገባው ሁለቱ ከተቀላቀሉ በኋላ ነው። ሦስቱም ላይ ተቀራራቢ ኮሎኒ (ባክቴሪያ ተባዝቶ የሚሠራው፣ በዓይን የሚታይ ነጥብ) ከወጣ ማርከሻው ይሠራል። ሦስተኛው ባዶ ከሆነ ማርከሻው አልሠራም። ሁለተኛው ባዶ ከሆነ ማርከሻው ራሱ ባክቴሪያ ይገድላል። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ይህ ሳይደረግ የወጣ «አላደገም» ግን ዋጋው ወረቀቱን አያክልም።

ሰዓቱም ውጤቱን ይለውጠዋል። ጽዳቱ ሠርቷል ወይ ከሆነ ጥያቄው፣ ቦታው ከደረቀ በኋላ ግን ሰው ሳይነካው ይወሰዳል። ታካሚው ቀኑን ሙሉ ምን እየነካ ይውላል ከሆነ፣ ከጽዳት በፊት፣ ሳይነገር ይወሰዳል። ናሙና ሊወሰድ እንደሆነ ከተሰማ ያን ቀን ክፍሉ እንደ ዓመት በዓል ይታጠባል።

ተጭኖ የሚነሳው ፕሌት

ጠፍጣፋና ጠንካራ ቦታ ላይ ከስዋብ የሚቀል ዘዴ አለ። ስፋቱ 55 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ አጋሩ (እንደ ጄሊ የረጋው ሚዲያ) ከጠርዙ ከፍ ብሎ ጎበጥ ያለ ትንሽ ፕሌት (ክብ ሳህን) በቀጥታ ቦታው ላይ ይጫናል። 500 ግራም ክብደት ተጭኖበት ለ10 ሰከንድ ይቆያል፤ አይጠመዘዝም፣ አይንሸራተትም። ስፋቱ 24 ካሬ ሴ.ሜ ገደማ ስለሆነ 60 ኮሎኒ ቢወጣ በካሬ ሴ.ሜ 2.5 ነው። ማርከሻው አጋሩ ውስጥ አለ፣ ማቅጠን የለም፣ የሚሳሳት እጅም ትንሽ ነው። ከተነሳ በኋላ ቦታው በአልኮል ይጠረጋል፤ የቀረው የአጋር ቅሪት ለባክቴሪያ ምግብ ነው። ክብ ብረትና ቁልፍ ላይ ግን አያገለግልም፣ ባክቴሪያው ከ200 በላይ ሲሆንም መቁጠር ያቅታል።

ቱቦው ላብራቶሪ ሲደርስ

ናሙናው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ሆኖ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ መዘራት አለበት። ቱቦው በረዶው ላይ በቀጥታ አይተኛም፤ ፈሳሹ ራሱ በረዶ ከሆነ ከባክቴሪያው ሊሞት የሚችል አለ። ለጠቅላላ ቁጥር ትሪፕቲክ ሶይ አጋር ወይም የበግ ደም ያለበት አጋር፣ ለስታፍ (ስታፊሎኮከስ) ማኒቶል ሶልት፣ ለግራም ኔጋቲቭ (እንደ ክሌብሴላና አሲኔቶባክተር ላሉት) ማክኮንኪ የሚባሉት አጋሮች ይሆናሉ። ከ35 እስከ 37 ዲግሪ፣ በ24 ሰዓት አንዴ፣ በ48 ሰዓት ሁለተኛ ይታያል። መብራት ጠፍቶ ኢንኩቤተሩ (ፕሌቱ የሚሞቅበት ሳጥን) ለሰዓታት ከቀዘቀዘ መዝገቡ ላይ ይጻፍ፤ በ48 ሰዓት ይወጣ የነበረው ገና አልወጣም ይሆናል።

ሒሳቡ ቀላል ቢሆንም ወጥመድ አለው። ስዋቡ 100 ካሬ ሴ.ሜ አሽቶ 10 ሚሊ ሊትር ውስጥ ገባ እንበል። ፕሌቱ ላይ 0.1 ሚሊ ሊትር ተዘርቶ 32 ኮሎኒ ወጣ። 0.1 ከ10 አንድ መቶኛ ስለሆነ ቱቦው ውስጥ 3,200 ነበር፤ ለ100 ሲካፈል በካሬ ሴ.ሜ 32 ይሆናል። ማለትም እያንዳንዱ ኮሎኒ በካሬ ሴ.ሜ 1 ነው። እንግዲህ የማለፊያው መስመር 1 ከሆነ አንዲት ኮሎኒ አሳልፋ ወይም ጥላ ትፈርዳለች ማለት ነው፤ ባዶ ፕሌትም የሚለው «ዜሮ» ሳይሆን «ከ1 በታች» ነው። መፍትሔው 1 ሚሊ ሊትር መዝራት ነው፦ 0.5 እያደረጉ በሁለት ፕሌት፣ ወይም ከቀለጠ አጋር ጋር አደባልቆ በማፍሰስ። ያን ጊዜ አንዷ ኮሎኒ 0.1 ትሆናለች። ከፈሳሹ በተጨማሪ ስዋቡን በሾርባ ውስጥ ለ24 ሰዓት አቆይቶ መዝራትም ይቻላል፤ አንዲት ባክቴሪያ ብትኖር ትገኛለች። ነገር ግን አንዷ በአንድ ሌሊት ሚሊዮን ስለምትሆን ከሾርባ የተገኘ ውጤት «አለ» ወይም «የለም» እንጂ ቁጥር የለውም።

ብዙ የአገር ውስጥ ጥናት ሲነበብ «ከተወሰዱት ናሙናዎች ይህን ያህል ፐርሰንት የተበከለ» የሚል አርዕስት ይወጣል። ሾርባ ውስጥ ከታደረ በኋላ የተሰላ ፐርሰንት ከሆነ ብዙም አያስደነግጥ። የሰው ቆዳ ላይ የሚኖረው ኮአጉሌዝ ኔጋቲቭ ስታፍና ከአቧራ የሚመጣው ባሲለስ ሰው ባለበት ቦታ ሁሉ ይወጣሉ።

መስመሩ የት ነው?

በሕግ የተደነገገ ዓለም አቀፍ መስመር የለም። በብዛት የሚጠቀሰው በስኮትላንድ የሠሩት ማይክሮባዮሎጂስት ስቴፋኒ ዳንሰር በ2004 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ነው፤ መነሻው ከምግብ ኢንዱስትሪ የተወሰደ አስተሳሰብ ነው። እጅ በብዛት የሚነካው ቦታ ላይ ጠቅላላ ቁጥሩ በካሬ ሴ.ሜ ከ5 በታች፤ በሽታ የሚያመጡ ጠቋሚ ባክቴሪያዎች፣ እንደ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስና መድኃኒት የተላመዱ ግራም ኔጋቲቮች፣ ከ1 በታች ይሁን ይላል። በኋላ ብዙዎች 5ቱን ወደ 2.5 ዝቅ አድርገውታል።

ከቁጥሩ ይልቅ ማንነቱ ይበልጣል። በካሬ ሴ.ሜ 4 ባሲለስ እንቅልፍ አይነሳም። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሞኒተር ቁልፍ ላይ ካርባፔኔም የሚባለውን ጠንካራ አንቲባዮቲክ የተላመደ አንድ አሲኔቶባክተር ግን ያን ዕለት ስልክ የሚያስደውል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በአንገብጋቢነት ከፈረጃቸው ባክቴሪያዎች አንዱ ነው። ማኒቶል ላይ ቢጫ የሆነው ኮሎኒ በኮአጉሌዝ ምርመራ ኦሬየስ መሆኑ ተረጋግጦ፣ 30 ማይክሮ ግራም ሴፎክሲቲን (አንቲባዮቲክ) ባለበት ዲስክ ዙሪያ ያለው ጥርት ያለ ክብ 21 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሜቲሲሊን የተላመደ ስታፍ ነው።

የታካሚው ደምና የአልጋው ብረት አንድ ዓይነት ባክቴሪያ፣ አንድ ዓይነት የመድኃኒት መላመድ ቢያሳዩ «ምንጩ ተገኘ» ለማለት አይቸኮል። ታካሚው ብረቱን በክሎት ይሁን ብረቱ ታካሚውን፣ ዲስክ አይናገርም። አንድ ዘር መሆናቸውን የሚያረጋግጠው የዘረ መል ምርመራ ነው፤ እሱ ከሌለ «ተመሳሳይ» የሚለው ቃል ይበቃል። የተለመደው ፕሌት ደግሞ ኦክስጅን የማይወደውን ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል፣ ቲቢን፣ ቫይረስን በጭራሽ አያሳድግም። የመጀመሪያው ስፖር የሚባል፣ በአልኮል የማይሞት ጠንካራ ቅርጽ አለው፣ ስለዚህ አልኮል ብቻ የሚረጭበት ክፍል «አላደገም» ብሎ ሊያታልል ይችላል።

ባዶዎቹ

በእያንዳንዱ የናሙና ቀን አንድ ስዋብ ተከፍቶ፣ አየር ላይ ተይዞ፣ ምንም ሳይነካ ቱቦው ውስጥ ይገባል። እሱ ላይ ካደገ የዕለቱ ሥራ በሙሉ ይጣላል። ያልተዘራበት ፕሌትም አብሮ ኢንኩቤተር ይገባል፤ ሚዲያው ማሳደግ መቻሉን ለማየት የታወቁት የኢ. ኮላይ ኤቲሲሲ 25922 እና የስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ኤቲሲሲ 25923 ዝርያዎች ይዘራሉ።

ባዶው ላይ ካደገ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለው አውቶክሌቩ ነው፣ በተለይ ከፍታ ቦታ ላይ። ብዙ ሰው የግፊት መለኪያው (ጌጁ) 15 ላይ ሲደርስ 121 ዲግሪ ነው ብሎ ያምናል። ጌጁ ግን የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የውጭው አየር ቀለል ይላል፤ ጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲል የእንፋሎቱ ሙቀት 117 ዲግሪ አካባቢ ነው። 121 ለመድረስ ጌጁ ወደ 19 መጠጋት አለበት፣ ያውም አውቶክሌቩ ያን ግፊት እንዲሸከም የተሠራ ከሆነ ብቻ፤ ካልሆነ ሰዓቱ ይረዝማል። ቴርሞሜትሩን አይቶ 121 ላይ 15 ደቂቃ መቁጠር ነው።

ከቁጥሩ ወደ ባልዲው

ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሲመጣ ጣት የሚቀሰረው በጽዳት ሠራተኛዋ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ባልዲው ውስጥ ነው። 5 በመቶ የሆነ በረኪና 1 እጅ ከ9 እጅ ውሃ ጋር 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ይህ ደምና የሰውነት ፈሳሽ ለፈሰሰበት ነው። ለዕለት ተዕለት መወልወል 0.1 በመቶ ከተፈለገ 1 እጅ ከ49 እጅ፣ ማለትም ለ10 ሊትር ባልዲ 200 ሚሊ ሊትር በረኪና ነው። 70 በመቶ የሆነው የክሎሪን ዱቄት ከሆነ ለ10 ሊትር 71 ግራም (ለ0.5 በመቶ) ወይም 14 ግራም (ለ0.1 በመቶ) ነው። ለፈሳሹ በረኪና ቀመሩ፦ የያዝከውን ለምትፈልገው አካፍል፣ 1 ቀንስ፣ የሚገኘው የውሃው እጅ ነው።

ጠርሙሱ 5 ቢልም ፀሐይ ላይ ሲሰነብት 3 ሊሆን ይችላል፤ የክሎሪን መለኪያ ወረቀት ይነግራል። «በዓይን» የተቀዳ በረኪና፣ ጠዋት ተበጥብጦ ከሰዓት የሚገለገሉበት ባልዲ፣ ሳሙናና እጥበት ሳይቀድም ደም ላይ የፈሰሰ ክሎሪን፣ ሁሉም ሽታው አለ ጉልበቱ የለም። ቆሻሻ ራሱ ክሎሪኑን ይበላዋል። ሽታው እንዲበረታ ተብሎ የሽንት ቤት አሲድ ጋር የሚደባለቅ ከሆነ ደግሞ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ጨርቁ ሁለተኛው ነው። ለአራት ታጥፎ ስምንት ገጽ ያለው ጨርቅ ለአንድ አልጋ ነው፤ ከንጹሁ ወደ ቆሻሻው፣ ከላይ ወደ ታች። አንዱን ጨርቅ ባልዲ ውስጥ እየነከሩ አስር አልጋ መዞር የአንዱን ታካሚ ባክቴሪያ ለዘጠኙ ማከፋፈል ነው። ሌሊቱን ባልዲ ውስጥ የሚያድር መወልወያ ሱዶሞናስ የሚባለው ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያ ማሳደጊያ ስለሆነ፣ አልጋዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራም ኔጋቲቭ ሲያወጡ ከመወልወያውና ከባልዲው ውሃ ስዋብ መውሰድ ይቀድማል። ቀጥሎ የእጅ መታጠቢያው ፍሳሽ ቀዳዳ፣ የሰክሽን ማሽኑ ጠርሙስ፣ የጨቅላዎች ኢንኩቤተር ውሃ መያዣ ይመጣሉ።

ውጤቱ ለጽዳት ሠራተኞቹ በቁጥር ሠንጠረዥ አይነገር፤ ፕሌቱ ራሱ በታሸገ ከረጢት ይታይ። «ይሄ የአልጋ 7 ብረት ነው፣ ይሄ ከወለወልሽው በኋላ ያለው ነው» የሚለው ከአንድ ቀን ሥልጠና ይበልጣል።

የመጀመሪያው ወረቀት ላይም «ምንም አላደገም» የሚለው ይሰረዝና እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ «አልጋ 7፣ የግራ የጎን ብረት፣ 100 ካሬ ሴ.ሜ። 0.1 በመቶ ክሎሪን ከተወለወለ 40 ደቂቃ በኋላ፣ ደርቆ፣ ሳይነካ። ፈሳሹ ታዮሰልፌት አለበት፣ ማርከሻው ተፈትሿል። 1 ሚሊ ሊትር ተዘርቷል፣ 48 ሰዓት። በካሬ ሴ.ሜ ከ0.1 በታች። ባዶው ስዋብ አላደገም። ኦክስጅን የማይወዱ ባክቴሪያዎች አልተመረመሩም።»